ቦርዱን የሚፈታው እጅ

ምናለሽ ተራን ያላየ ሰው አዲስ አበባን በደንብ አያውቃትም ባይ ነኝ። መርካቶ ውስጥ፣ በርሜል ተቆርጦ ምድጃ የሚሆንበት፣ አንዱ ቤት የጣለው ለሌላው ቤት ዕቃ ሆኖ የሚወጣበት ሰፈር ነው። ቆራሌው በየመንደሩ እየጮኸ የሰበሰበው ነገር ብዙው ዞሮ ዞሮ እዚያ ይደርሳል። እኔ የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ለክፍል ማሳያ የሚሆን ርካሽ ዕቃ ስፈልግ ወደዚያ እወርዳለሁ። የቆየ ትራንስፎርመር፣ የመዳብ ሽቦ፣ የማይሠራ ሬዲዮ። ተማሪዎቼ ከሥዕል ይልቅ ከእነዚህ ይማራሉ።

በቅርቡ እዚያ አንድ ልጅ አጠገብ ብዙ ቆሜ ነበር። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። የኮምፒውተር ማዘርቦርድ ጉልበቱ ላይ አስደግፎ በጠፍጣፋ መፍቻ ይነቃቅላል። መጀመሪያ አልሙኒየሙን አነሳ፤ ለብቻ አስቀመጠ። ቀጥሎ የመዳብ ጥቅልሎቹን። በመፍቻ እምቢ ያለውን በእሳት ያሞቀዋል። ክፍሎቹን ከቦርዱ ጋር ያጣበቀው ብየዳ ሲቀልጥ ቦርዱን ይገለብጥና ድንጋይ ላይ ይመታዋል፤ ጥቃቅኖቹ ይረግፋሉ። ጉሮሮ የሚከረክር ጭስ ይወጣል። ጓንት የለ፣ ጭንብል የለ።

«ጭሱ አያምህም?» አልኩት።

«ለመድነው እህቴ። ማታ ማታ ራስ ምታት አለ እንጂ።»

«ባዶ የሚቀረው አረንጓዴው ሰሌዳስ ምን ይሆናል?»

«እሱን ለብቻ የሚወስድ ሰው አለ። ካልመጣ ይቃጠላል።»

ስለ አረንጓዴ ኤሌክትሮኒክስ፣ ማለትም አካባቢን ስለማይጎዳ ኤሌክትሮኒክስ የሚወጣ ነገር ካገኘሁ አላልፍም። ከየላብራቶሪው የሚወጡ ስታርትአፖችን (ጀማሪ ኩባንያዎችን) እከታተላለሁ፤ ከልቤ ደስ የሚያሰኙኝ አሉ። ግን ሁሌ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ። ዕቃው ሲሞት የሚፈታው ማን ነው? በምንስ ነው የሚፈታው? መልሱ «ማጣሪያና ዘመናዊ ምድጃ ያለው ፋብሪካ» ብቻ ከሆነ ለእኛ ከተማ ግማሽ መልስ ነው። እኛ ጋ ቦርዱን መጀመሪያ የሚነካው ባዶ እጅ ነው። እኔ የምፈልገው ለዚያ እጅ የሚሆን ኬሚስትሪ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ያ አረንጓዴ ሰሌዳ በሙያው ስሙ ኤፍአር-4 ይባላል። ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ ነው፤ ኢፖክሲ በሚባል ሙጫ ተነክሮ፣ በሙቀት ተጨምቆ የደረቀ። ላዩ ላይ መዳብ ይለጠፍበታል። ኢፖክሲ አንዴ ከደረቀ ተመልሶ አይቀልጥም፤ የተቀቀለ እንቁላል ተመልሶ ጥሬ እንደማይሆን ማለት ነው። ስለዚህ እንደ ውሃ ጠርሙስ ፕላስቲክ አቅልጦ ሌላ ዕቃ ማድረግ አይቻልም። በዚያ ላይ እሳት ቶሎ እንዳይዘው ብዙ ጊዜ ብሮሚን ያለበት ኬሚካል ይጨመርበታል። ይህ ኬሚካል ውለታው ቀላል አይደለም። ቴሌቪዥኑ ሳሎን ውስጥ እንዳይነድ የሚከላከለው እሱ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው ሰሌዳው ሜዳ ላይ ሲቃጠል ነው። ያኔ ብሮሚኑ ዲዮክሲን ከሚባሉት መርዞች ጋር አንድ ዘር የሆኑ ውህዶችን ይፈጥራል። የሽቦ ልባስ የሆነው ፒቪሲ ደግሞ ክሎሪን አለው፤ መዳብ ለማውጣት ሽቦ ሲቃጠል የሚወጣው ጥቁር ጭስ ራሱ ዲዮክሲን ይዟል። ይባስ ብሎ መዳቡ ምላሹን ያፋጥነዋል። እነዚህ መርዞች ሰውነት ውስጥ ስብ ላይ ይከማቻሉ፤ በቶሎ አይወጡም። ልጁ «ለመድነው» ያለኝ ነገር የሚለመድ አይደለም።

ብየዳውም የራሱ ታሪክ አለው። ድሮ ብየዳ ማለት ቆርቆሮና እርሳስ ነበር፤ 63 በመቶ ቆርቆሮ፣ 37 በመቶ እርሳስ። በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ለሠራተኛ ምቹ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እርሳስን፣ ሜርኩሪን፣ ካድሚየምንና ሌሎች ሦስት ንጥረ ነገሮችን ከአብዛኛው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ አስወጣ። ፋብሪካዎች ለሁለት ዓይነት ገበያ ሁለት ዓይነት ዕቃ መሥራት ስለማያዋጣቸው ለውጡ ዓለምን አዳረሰ። ዛሬ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ የምንገዛው ስልክ እርሳስ አልባ ብየዳ ያለው በዚያ ሕግ ምክንያት ነው። አዲሱ ቅይጥ ቆርቆሮ፣ ብርና መዳብ ነው፤ ለመቅለጥ ወደ 217 ዲግሪ ይፈልጋል። ስልክ ጠጋኞቻችን «አዲሶቹ ቦርዶች እምቢ ይላሉ» የሚሉት ለዚህ ነው። ይህን ሕግ እወደዋለሁ። አንድ የቢሮ ውሳኔ አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራን የአንድ ጠጋኝ ደም ውስጥ ያለውን እርሳስ ሊቀንስ ይችላል።

ግን ያኔ የወጡት ስድስት ናቸው። ሰሌዳው ራሱ እዚያው ነው።

ኬሚስቶቹ ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር በ1998 እ.ኤ.አ. የአረንጓዴ ኬሚስትሪን 12 መርሆዎች ጻፉ። ለተማሪዎቼ ሁሉንም አስተምራለሁ፤ በጣም የምቆይበት ግን አሥረኛው ላይ ነው። በአጭሩ፣ አንድ ኬሚካል ሥራውን ሲጨርስ ጉዳት ወደሌለው ነገር እንዲፈርስ ሆኖ ይነደፍ ይላል። ማለትም ፍጻሜው ገና ከጅምሩ ይታሰብ። የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ ይህን መርሆ ብዙ ዓመት አልሰማውም። በ2022 ብቻ ዓለም 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አወጣች። በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። የተቀረው በየጓዳው ተቀምጧል፣ ተቀብሯል፣ ወይም ምናለሽ ተራን በመሰሉ ቦታዎች ጉልበት ላይ ተደግፎ እየተነቃቀለ ነው።

አሁን ወደሚያስደስተኝ ልምጣ። ጂቫ ማቴሪያልስ የሚባል የእንግሊዝ ስታርትአፕ ሶሉቦርድ የተባለ ሰሌዳ ሠራ። በመስታወት ክር ፈንታ የተፈጥሮ ቃጫ ገባ፤ በኢፖክሲ ፈንታ ውሃ የሚያሟሟው ፖሊመር (ፕላስቲክ መሰል ቁስ)። እሳት መከላከያው ብሮሚን የለበትም። ሥራውን ሲጨርስ ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል። ሙጫው ይሟሟል፣ ንብርብሮቹ ይላቀቃሉ፣ ቃጫው ለብቻ፣ መዳቡና ጥቃቅን ክፍሎቹ ለብቻ ይለቀማሉ። ኢንፊኒየን የተባለው ትልቁ የጀርመን ቺፕ አምራች በ2023 ለማሳያ ቦርዶቹ ይህን ሰሌዳ መጠቀም መጀመሩን አስታወቀ።

የሚፈልገው ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃ እኛ ጋ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የእኛ የፈላ ውሃ ልክ በቂ ነው ማለት ነው። ይህን ሰሌዳ ቤት ባለ ምድጃ፣ ቤት ባለ ድስት መፍታት ይቻላል። የምናለሽ ተራው ልጅ ሊያደርገው ይችላል። ለባዶ እጅ የሚሆን ኬሚስትሪ የምለው ይህ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2024 ቪትሪመር ከሚባል ፖሊመር ሰሌዳ ሠሩ። ቪትሪመር ጠንካራ ነው፤ ተገቢው ፈሳሽ ውስጥ ሲገባ ግን አብጦ እንደ ጄሊ ይለሰልሳል፣ የመስታወት ክሩም ሳይጎዳ ይወጣል። ፖሊመሩን 98 በመቶ፣ ክሩን ሙሉ በሙሉ፣ ፈሳሹን 91 በመቶ መልሰው አግኝተዋል። ሳይንሱ ድንቅ ነው፤ ከሶሉቦርድ ይልቅ ከዛሬው ማምረቻ ጋርም ይቀራረባል። ያም ሆኖ የሚፈታው የኦርጋኒክ ፈሳሽ እንፋሎት የሚይዝ የተዘጋ ዕቃ ያለው ሰው ነው። ከሁለቱ የቱ ይሻላል ብትሉኝ፣ ለአውሮፓ ሁለተኛው፣ ለእኛ አንደኛው እላለሁ። የኦስትሪያ ተመራማሪዎች ደግሞ ከእንጉዳይ ሥር ቆዳ የመሰለ ሰሌዳ ሠርተዋል፤ ከ200 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይችላል። እሱን ለሌላ ቀን።

ወርቁ ላይ ግን መቆየት አለብኝ። ምክንያቱም ልጆች የሚጠይቁኝ ስለ ወርቅ ነው።

አንድ ጎበዝ ተማሪ አለኝ። ከክፍል በኋላ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። አንድ ሰው ግቢው ውስጥ የቦርድ ጫፎችን ቢከር በሚባል የላብራቶሪ ብርጭቆ ውስጥ ከቶ አሲድ ያፈስባቸዋል፤ ቡናማ ጭስ ይግተለተላል፤ መጨረሻ ላይ ጥፍር የምታህል ወርቅ። «ቲቸር፣ ናይትሪክ አሲድ የት ይገኛል?» አለኝ። ቁጭ አድርጌ ያንን ቡናማ ጭስ አስረዳሁት። ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ነው። ሲተነፍሱት ለጊዜው ጉሮሮ ከማቃጠል ያለፈ ላይመስል ይችላል፤ ከሰዓታት በኋላ ግን ሳንባ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ወርቅ ለማሟሟት ናይትሪክ ብቻውን አይበቃም፣ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይደባለቅበታል፤ ያኔ ክሎሪንም ይጨመራል። የተረፈው ፈሳሽ መዳብና እርሳስ የተሸከመ መርዝ ነው። የት ይደፋል? ቦይ ውስጥ። ቦዩ ወንዝ ይገባል፤ በዚያ ወንዝ ከከተማው በታች ጎመን ይለማበታል።

ልጁ ግን የጠየቀው ጥያቄ ልክ ነው። የስልክ ቦርድ በቶን ሲመዘን የያዘው ወርቅ ከአንድ ቶን የማዕድን ድንጋይ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች ሙሉ በሙሉ ከሕዝብ በተሰበሰበ አሮጌ ስልክና ኤሌክትሮኒክስ ነው የተሠሩት፤ 6.21 ሚሊዮን ስልክ ተሰብስቦ ከሌላው ዕቃ ጋር 32 ኪሎ ያህል ወርቅ ወጣ። ለተሰንበት ግደይና ለሜቻ ግርማ አንገት ላይ የዋለው ሜዳሊያ አንድ ጊዜ የማን ስልክ ነበር?

ስለዚህ ጥያቄው ወርቁ ይውጣ አይውጣ አይደለም፤ በምን ይውጣ ነው። ኤክሲር የሚባል የካናዳ ስታርትአፕ ወርቁን በክፍል ሙቀት መርጦ የሚያሟሟ ኬሚስትሪ ፈጠረ። ከ1,100 ዓመት በላይ ሳንቲም ሲመታ የኖረው የእንግሊዙ ሮያል ሚንት ይህንን ወስዶ በ2024 ዌልስ ውስጥ ፋብሪካ ከፈተ፤ በዓመት እስከ 4,000 ቶን ቦርድ የማስተናገድ አቅም አለው። ሚንት ኢኖቬሽን የተባለው የኒውዚላንድ ስታርትአፕ ደግሞ ወርቁን ከፈሳሹ የሚለቅመው በጥቃቅን ሕዋሳት ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥብኝ የዙሪኩ ነው። ኢቲኤች ዙሪክ በተባለው የስዊዘርላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፕሮፌሰር ራፋኤሌ ሜዜንጋ ቡድን ወርቅ የሚያጠምደው በአጓት ነው። አዎ፣ በአጓት። ከአይብ ሥራ የሚተርፈው ውሃ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን በአሲድና በሙቀት ወደ ቀጫጭን ክሮች ይለውጡታል፤ ክሮቹ ሲደርቁ ስፖንጅ ይሆናሉ። የቦርዱ ብረታ ብረት ከሟሟበት ፈሳሽ ውስጥ ስፖንጁ ከሌሎቹ ይልቅ ወርቁን መርጦ ይይዛል። ከዚያ ይሞቃል፣ ወርቁ ይነጠራል። ከ20 አሮጌ ማዘርቦርዶች 450 ሚሊግራም፣ 22 ካራት የሆነ ጠብታ አገኙ። የግብዓቱና የኃይሉ ወጪ ከተገኘው ወርቅ ዋጋ 50 እጥፍ ያነሰ ነው።

እናቴ አሬራ ጥዳ አይብ ስታወጣ አጓቱን ለልጆች ትሰጥ ነበር፤ የተረፈው ለውሻ። ይህን ጥናት ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ አራት ኪሎ የተማርኩበት የኬሚስትሪ ክፍል ነው። የእኛ አጓት ከአሬራ የሚወጣ፣ ጎምዛዛ፣ አንዴ የሞቀ ነው፤ ከአውሮፓው ይለያል። ፕሮቲኑ ምን ያህል እንደሚተርፍ መለካት፣ ስፖንጅ ይሆን እንደሆነ ማየት፣ ለአንድ የማስተርስ ተማሪ ደህና የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል። መጠንቀቅ ያለብን አንድ ነገር ነው። ስፖንጁ ወርቁን ይለቅማል እንጂ ከቦርዱ አያላቅቅም፤ ከፊቱ የአሲድ ገንዳ አለ። ስለዚህ ይህ የላብራቶሪ ሥራ ነው፤ የሰፈር አይደለም። ሰፈሩ ቦርዱን በደህና ይፍታ፣ ባዶውን ቦርድ በጥሩ ዋጋ ይሽጥ፤ አሲዱን ጭስ መሳቢያ ያለው፣ ፍሳሹን የሚያክም ይያዘው። ሥራው እንዲህ ከተከፈለ ሁለቱም ይበላሉ።

እዚህ ከተማ ስታርትአፕ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው አፕ ነው። ታክሲ፣ ዴሊቨሪ፣ ክፍያ። ክፋት የለውም፤ ሁላችንም እንጠቀምባቸዋለን። ላፕቶፕና ኢንተርኔት ይዞ መጀመር ይቻላል። የኬሚስትሪ ስታርትአፕ ግን በላፕቶፕ አይጀመርም። ሪኤጀንት፣ ማለትም የላብራቶሪ ኬሚካል ያስፈልገዋል፤ ሪኤጀንት የውጭ ምንዛሪና ፈቃድ ይፈልጋል። ሚዛን፣ ጭስ መሳቢያ፣ የፍሳሽ ማከሚያ ያስፈልገዋል። ከሁሉ በላይ ጊዜ ያስፈልገዋል። አንድ ጎበዝ ምሩቅ ይህን ሁሉ ብቻውን ያምጣ ማለት አትጀምር ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከሰዓት በኋላ የሚዘጉ ላብራቶሪዎች አሏቸው። በኪራይም ይሁን በትብብር ቢከፈቱ ከማንኛውም የሽልማት ውድድር የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

አይቻልም እንዳይባል ምሳሌው እዚሁ አለ። ኩቢክ መልሶ ለመጠቀም የሚያስቸግረውን ፕላስቲክ ወደ ግንባታ ዕቃ የሚቀይር ስታርትአፕ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ያመርታል። ቁስ ላይ መሥራት፣ ከቆሻሻ ሰብሳቢዎች ጋር መሥራት ይቻላል ማለት ነው። ሕጉም አለ። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ደንብ ቁጥር 425/2010 (በእኛ አቆጣጠር) ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። የጎደለው ከደንቡ እስከ ቆራሌው ያለው መንገድ ነው። ቆራሌው በኪሎ ነው የሚከፈለው። መዳብ ዋጋ አለው፣ አልሙኒየም ዋጋ አለው፣ የመስታወት ክርና ኢፖክሲ ዋጋ የለውም። ዋጋ የሌለው ነገር ይቃጠላል። ሊቀየር የሚገባው ይህ ስሌት ነው። ጊዜውም አጭር ነው፤ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። የእነሱ ባትሪና ቦርድም አንድ ቀን መፍቻ ይጠብቃል።

ክፍል ውስጥ የጀመርነውን ልንገራችሁ። ከተማሪዎቼ ጋር ቃጫ ቆራርጠን፣ በስታርች ሙጫ ነክረን፣ በሁለት ጣውላ መካከል ጨምቀን አደረቅነው። ቡናማ፣ ሸካራ፣ ከካርቶን የጠነከረ ሰሌዳ ወጣ። የመዳብ ወረቀት ለጥፈን በባትሪ አንዲት ኤልኢዲ አምፖል አበራንበት። የፈላ ውሃ ውስጥ ስንከተው ሙጫው ለቀቀ፤ መዳቡ ምንም ሳይሆን በጣት ተላጠ። ልጆቹ ጮኹ። ያ የወርቅ ቪዲዮ ያሳየኝ ልጅ መዳቡን አድርቆ ደብተሩ ውስጥ አስቀመጠው።

ከዚያ ክረምት መጣ። መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥነው ሰሌዳ እርጥበት ስቦ ተጣመመ። በውሃ የሚፈታ ሰሌዳ ሁሉ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው፤ ሙቅ ውሃ እንዲፈታው እንፈልጋለን፣ የሐምሌ አየር እንዳይነካው ደግሞ እንፈልጋለን። ከተማሪዎቹ አንዷ «በሰም እንቀባው» አለች። ጥሩ ሐሳብ ነው። የንብ ሰም በ63 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ በአዲስ አበባ ሙቀት ጠንካራ ነው፣ በፈላ ውሃ ደግሞ ወዲያው ይለቃል። አገራችንም የሰም አገር ናት። ችግሩ ብየዳ ነው። በ217 ዲግሪ ሰሙም ይሄዳል፣ ቃጫውም ይጠቁራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥነው፤ መጀመሪያ መበየድ፣ ከዚያ መቀባት። ብየዳውንም ወደ ቆርቆሮና ቢስሙዝ ቅይጥ ልንቀይር ነው፤ እርሳስ የለበትም፣ በ138 ዲግሪ ይቀልጣል። ቅይጡን ከአንድ ስልክ ጠጋኝ አግኝቻለሁ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ቃጫው በዚያ ሙቀት ይጠቁር እንደሆነ እናያለን።